የጎንደር በሮችና ሰፈሮች

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ጎንደር ከተማ ነው፤ ይሁን እንጂ የጎንደር ስም በተጠራ ቁጥር በሁላችንም ሕሊና ቶሎ የሚሣለውን፣ በየቤቱ ግድግዳ በቀን መቁጠሪያ ላይ የምናየውን የዐፄ ፋሲልን ግንብ ደግመን ለማወደስ አይደለም። ግንቡ ውዳሴ አላነሰውም። ያነሰው ዙሪያውን ከብቦት የኖረው ሕዝብ፣ ማለት ሸማኔውና ነጋዴው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ፣ ደብተራውና የቅኔ ተማሪው በየሰፈሩ ያቆመው ከተማ ነው፤ እኛም ዛሬ ከቅጽሩ በሮች እየወጣን ወደነዚህ ሰፈሮች ለመዝለቅ አስበናል። ከአዲስ አበባም ሆነ ከባሕር ማዶ የመጣው ጎብኚ መግቢያውን ከፍሎ፣ ስድስቱን ግንቦች ዞሮ፣ ፎቶግራፉን አንሥቶ ሲመለስ ጎንደርን ያየ ይመስለዋል፤ እኔ ግን የባለቤቱን እልፍኝ አይቶ ከቤተ ሰቡ ጋር ሳይተዋወቅ እንደ ወጣ እንግዳ እቈጥረዋለሁ።

ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን በድንኳን ያሳለፉ፣ ክረምቱን በአንድ ስፍራ ከርመው በጋውን ለዘመቻ የሚነሡ ስለ ነበሩ፣ የመንግሥቱ መቀመጫ ከጕዛራ ወደ ጎርጎራ፣ ከጎርጎራ ወደ ደንቀዝ ሲዘዋወር መኖሩን ታሪክ ያስረዳል። የንጉሡ ድንኳን በመካከል ተተክሎ ፊቱ፣ ቀኙ፣ ግራውና ኋላው ለየሹማምንቱ ተለይቶ የሚሰጥበት፣ ዳኛው፣ ባልደራሱ፣ ግምጃ ቤቱና ታቦቱ እያንዳንዱ የማይለወጥ ስፍራ የነበረው ይህ የሰፈር ሥርዓት ዘመናት የጸና ነበር። ዐፄ ፋሲል በ1624 ዓ.ም ነግሠው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1628 ዓ.ም፣ በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል በተዘረጋው ጕብታ ላይ ጎንደርን ሲቈረቍሩ ያንን ሥርዓት አልሻሩትም፤ በድንጋይና በኖራ አጸኑት እንጂ። ስለዚህ ጎንደር ድንኳኑ ወደ ግንብ የተለወጠለት የጥንቱ የጦር ሰፈር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም፤ የበሮቹ ስሞችም ይህንኑ ይመሰክራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሣ። ግንቦቹን ፖርቱጋሎች ሠሩዋቸው የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ከአንዳንድ አስጎብኚዎች አፍ አልጠፋም። ዐፄ ፋሲል የአባታቸውን የዐፄ ሱስንዮስን የካቶሊክ ሃይማኖት ሽረው የተዋሕዶን ሃይማኖት የመለሱ፣ የጀስዊት መምህራንንም ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ሆነው ሳለ፣ ያስወጧቸውን ሰዎች መልሰው የቤተ መንግሥታቸው አናጺዎች እንዳደረጓቸው ማሰብ ለአእምሮ አይመችም። ከግራኝ ጦርነት ዘመን ጀምሮ በአገሪቱ የቀሩት የፖርቱጋል ወታደሮች ልጆች በግንባታው እጃቸውን ሳያስገቡ አልቀሩ ይሆናል፤ ነገር ግን ኖራ የሚሆነውን ድንጋይ በሱስንዮስ ዘመን ለይቶ ያሳየው ከሕንድ የመጣ ሰው እንደ ነበረ የጻፈልን ራሱ ፖርቱጋላዊው አልሜይዳ ነው። ጥቁሩን ድንጋይ የጠረበው፣ የመስኮቱንና የበሩን ቅስት በቀይ ድንጋይ የከፈፈው፣ እንጨቱን የላገው እጅ በብዛት የዚህ አገር ሰው እጅ ነበረ፤ የማን እጅ እንደ ነበረም ወደ ሰፈሮቹ ስንወርድ እናየዋለን።

የግቢው ቅጽር ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በውስጡ የዐፄ ፋሲል፣ የቀዳማዊ ዮሐንስ፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱ፣ የዳዊት፣ የበካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ሕንፃዎች፣ እንዲሁም እንደ እልፍኝ ጊዮርጊስና እንደ አጣጣሚ ሚካኤል ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ይገኙበታል። እያንዳንዱ ንጉሥ የአባቱን ቤት ወርሶ ከመቀመጥ ይልቅ የራሱን እየጨመረ በመሄዱ፣ ግቢው ከአንድ ቤተ መንግሥት ይልቅ የአንድ መቶ ዓመት የነገሥታት ጎረቤትነት ይመስላል። በቅጽሩ ላይ የተከፈቱት በሮች ግን ለኔ ከግንቦቹ የበለጠ ይናገራሉ። ዳኞች የሚገቡበት ወምበር በር፣ የሙታን መታሰቢያ የሚወጣበት ተዝካሮ በር፣ የፈረሰኞቹ አለቃ ባልደራስ በር፣ ነፊዎቹ የሚቆሙበት እምቢልታ በር፣ የምንትዋብ እናት በእንኮዬ ስም የተጠራው በር፣ ምንትዋብ የአገሯን የቋራን ሰዎች ካመጣች በኋላ የቋረኞች በር የተባለው ራስ በር፣ እነዚህ ሁሉ ማን በየት በኩል ወደ ንጉሡ ይቀርብ እንደ ነበረ የሚያሳዩ ናቸው። ጎብኚው ግን ሁሉንም ትቶ በአንዱ ገብቶ በአንዱ ይወጣል።

በፊት በር በኩል ስንወጣ የምንደርስበት ጃን ተከል ነው። ትልቁ ዋርካ የቆመበት ይህ አደባባይ አዋጅ የሚነገርበት፣ ፍርድ የሚሰማበት፣ የሞት ፍርድም የሚፈጸምበት ስፍራ ነበረ። ዛሬ በዋርካው ጥላ ሥር ጋዜጣ የሚያነቡትና ጫማ የሚያስጠርጉት ሰዎች ይህን ሁሉ ያውቁታል፤ ጎንደሬ ታሪኩን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በየአደባባዩ ይዞት ይኖራልና፣ ጠይቁት ይነግራችኋል።

በሌላው ወገን አደናግር በር የሚባለው የፈታዮች በር አለ። ከዚህ በር ተነሥቶ በሸማኔዎቹ ሰፈር ወደሚገኘው ቅዱስ ሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን የሚያሻግር ድልድይ እንደ ነበረ፣ እንዲሁም ከአዛዥ ጥቁሬ በር ወደ አደባባይ ተክለ ሃይማኖት ሌላ ድልድይ ተዘርግቶ እንደ ነበረ ይነገራል። የፈታዮቹ በር ድልድይ ለጌጥ ብቻ የተሠራ አይመስለኝም። የቤተ መንግሥቱ መጋረጃ፣ የወይዛዝርቱ ጥበብ ቀሚስ፣ የመኳንንቱ ሸማ፣ ለአብያተ ክርስቲያናት የሚሰጠው መጐናጸፊያ ሁሉ ከእነዚህ እጆች ይወጣ ስለ ነበረ፣ ፈታይዋና ሸማኔው ለግቢው ምን ያህል ቅርብ እንደ ነበሩ ያመለክታል። የእጅ ባለሙያን በቃል እያንቋሸሸ በሥራው ግን ሲያጌጥ የኖረው ያ ዘመን በዚህ በር በኩል እውነቱን አምኗል ማለት ይቻላል።

ከግቢው ራቅ ብለን ስንሄድ እጨጌ ቤትና አቡን ቤት የተባሉትን ሁለት ሰፈሮች እናገኛለን። ጳጳሱ ከእስክንድርያ መንበር ተሾሞ የሚመጣ ግብጻዊ፣ እጨጌው ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አለቃና የአገር ተወላጅ ስለ ነበሩ፣ የአንዱ ሥልጣን በክህነት፣ የሌላው በምንኵስናና በአገር ልማድ ላይ የቆመ ነበረ። የቅባት፣ የተዋሕዶ፣ በኋላም የጸጋ ወገኖች በገጠሙት የሃይማኖት ክርክር ከተማይቱ በታወከች ጊዜ ጉባኤውን የተከተለው ሕዝብ በእነዚህ ሁለት ቤቶች ደጃፍ ይሰለፍ ነበር። ሆኖም ለተራው ሰው የእጨጌ ቤት ዋና ጥቅም ሌላ ነው። እዚያ የገባ ተከሳሽ ማንም ሊይዘው የማይችልበት፣ ደም ያለበት ሰው እንኳ ሽማግሌ እስኪላክለትና ዕርቅ እስኪወርድ የሚጠለልበት የመማፀኛ ስፍራ ነበረ። ንጉሥ በስም ብቻ በነበረበት በዘመነ መሳፍንት፣ የአንዱ ራስ ጭፍራ ሲወጣ የሌላው ሲገባ፣ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ከዝርፊያ ለማዳን ወደዚሁ ሰፈር ያስገቡ ነበር። ከግንቦቹ መካከል አንዱ እንኳ ለድኃ እንዲህ ያለ መጠጊያ እንደ ሆነ አልሰማሁም፤ ዛሬ ግን ወደ እጨጌ ቤት የሚያመላክት ሰሌዳ ፈልጎ የሚያገኝ እንግዳ ጥቂት ነው።

ወደ ቀሐ ወንዝ ዝቅ ስንል አዲስ ዓለም አለ። የዚህን ሰፈር አመጣጥ ለመናገር ደስ የማይል ነገር መጥቀስ ያስፈልጋል። በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም፣ የተሰበሰበው ጉባኤ የፍራንጆቹ ልጆች ወይ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ፣ ወይ ከአገር እንዲወጡ፣ እስላሞችም ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። መለየቱ በግፍ የተሠራ ሥራ ነው፤ ጻድቁ በተባለ ንጉሥ ዘመን መሠራቱም ግፍነቱን አያስቀረውም። የተለዩት ሰዎች ግን የወረዱበትን ስፍራ የከተማይቱ የንግድ ሳንባ አደረጉት። ከምጽዋና ከስናር የሚመጣው ቅፍለት በእነርሱ እጅ ነበር፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ አድያም ሰገድ በተባሉት በታላቁ ኢያሱ ዘመን ጎንደር የደረሰው ሐጂ ዓሊ የተባለ እስላም ነጋዴ ለንጉሡ ሐኪም ፍለጋ ወደ ግብጽ ተልኮ ስለ ነበረ ነው። ንጉሡ ለዘመቻ ሲነሣም ድንኳኑንና ጓዙን የሚጠብቁት፣ ተክለውም የሚነቅሉት አብዛኞቹ የዚህ ሰፈር ሰዎች እንደ ነበሩ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ጽፏል። በጉባኤ የተለየው ሕዝብ በጦር ሜዳ የንጉሡን መኝታ የሚያቆም መሆኑን ያ ጉባኤ አስቦት ይሆን?

የቤተ እስራኤል ሰፈር፣ ዛሬ ባለቤቶቹ በማይወዱት ስም ፈላሻ ቤት ይባል የነበረው፣ እንዲሁ ተለይቶ የቆመ ነበር። ቀደም ብዬ እመለስበታለሁ ያልሁት ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ግንቡን የገነቡት፣ ጣሪያውን የከደኑት፣ ማጭዱንና ማረሻውን የቀጠቀጡት፣ ገንቦውንና ምጣዱን የሠሩት በብዛት የዚህ ወገን ግንበኞች፣ አናጺዎች፣ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪ ሴቶች ነበሩ። ርስት ስለ ተከለከሉ ወደ እጅ ሥራ ያዘነበሉ፣ በእጅ ሥራቸው ምክንያት ደግሞ በቡዳነት የተጠረጠሩ ሕዝቦች ናቸው፤ የዚህ ሐሜት ነውር ዛሬም በእኛ ላይ እንጂ በእነርሱ ላይ አይደለም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ መንደር የዚህ ኑሮ የመጨረሻዋ ምስክር ናት። ነዋሪዎቿ ከአካባቢው ወገኖቻቸው ጋር በ1977 ዓ.ም እና በ1983 ዓ.ም በተደረጉት ጉዞዎች ጊዜ ወደ እስራኤል አገር ስለ ሄዱ፣ ዛሬ በመንገዱ ዳር ተደርድሮ የሚታየውን የሸክላ ሥራ የሚሸጡት በአብዛኛው የቀሩት ጎረቤቶች ናቸው። በጎንደር ተራራዎች ይጾሙትና ይጸልዩበት የነበረውን ስግድን ግን ይዘውት ሄደው፣ ዛሬ በኢየሩሳሌም በአደባባይ ያከብሩታል፤ የእስራኤል መንግሥትም በ2000 ዓ.ም በሕግ የአገሩ በዓል አድርጎ ደንግጎታል።

አሁን ደግሞ ከእጅ ጥበብ ወደ ቃል ጥበብ እንለፍ። ጎንደር ባለ አርባ አራት ታቦት ስትባል የምትኖረው ለቍጥሩ ብቻ አይደለም፤ በየደብሩ ዐጸድ ሥር ጉባኤ ተዘርግቶ፣ ከሸዋና ከጎጃም፣ ከወሎና ከትግሬ የመጣው የቆሎ ተማሪ በየጎጆው ሰፍሮ፣ ቀን ለምኖ ሌሊት ቀጽሎ፣ ከተማይቱ ራሷ አንድ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ስለ ነበረች ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ አንድምታ የምንለው፣ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ በሁለት የተከፈለው እዚሁ ጎንደር ነው፤ የታች ቤቱን ትርጓሜ ያቀኑት ታላቁ ሊቅ መምህር ኤስድሮስ ናቸው። እስከ ዛሬም በአገራችን የትርጓሜ መምህር ሲጠየቅ ከየትኛው ቤት እንደ ተማረ ይናገራል፤ ይህም ማለት የጎንደር ሰፈር አቀማመጥ ጎንደርን ረግጦ በማያውቅ ሰው የትምህርት ትውልድ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

የአቋቋም ማስመስከሪያው ደግሞ በአታ ነው። በዚህ ደብር አለቃ የነበሩት፣ በቀልዳቸው አገር የሚያውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና፣ ከቀልዳቸው ይልቅ በዜማ ሊቅነታቸው ሊነሡ ይገባ ነበር። የጣና ደንገል በነፋስ ሲወዛወዝ አይተው አዲስ ዝማሜ እንደ ደረሱ፣ የጎንደር ሊቃውንት ግን የአባቶቻችንን ሥርዓት አንለውጥም ብለው እንዳልተቀበሏቸው፣ ልጃቸው ተክሌም ወስዶ በደብረ ታቦር እንዳስተማረውና በእርሱ ስም «የተክሌ» እንደ ተባለ ሲነገር ይኖራል። ነገሩ በዝርዝሩ ቢታከልበትም፣ የበአታን ጠባይ ግን በደንብ ያሳያል። በአታን ለማየት የምትሄዱ አድማጮች ከሕንፃው ይልቅ በማኅሌት ሌሊት ሄዳችሁ መቋሚያውንና ጸናጽሉን፣ ወረቡንና ዝማሜውን ብታዩና ብትሰሙ፣ ቅርሱ ያለው በዚያ ነው።

ይህች ከተማ ሁለት ጊዜ ነዳለች። በ1859 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ ያመፀባቸውን ሕዝብ ለመቅጣት ከተማይቱን አቃጠሉ፤ ከአብያተ ክርስቲያናቱ የሰበሰቧቸው መጻሕፍት ወደ መቅደላ ከተወሰዱ በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም እንግሊዞች ከፊላቸውን ወደ ለንደን አግዘዋቸዋል። ስለዚህ ለጎንደር ደብር የተጻፈን መጽሐፍ ለማየት የሚፈልግ የጎንደር ልጅ ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ደጅ መጥናት አለበት። ሁለተኛው በጥር 1880 ዓ.ም የደረሰው የደርቡሾች ወረራ ሲሆን፣ ከዚያ እሳት ያመለጠችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ናት፤ ንብ ወጥቶ ጠላትን እንዳባረረላት አበው ይናገራሉ። አድያም ሰገድ ኢያሱ የተከሏት የመጀመሪያይቱ ሕንፃ ክብ ነበረች፤ የዛሬይቱ በኋላ የተሠራች ሆና፣ የቅጽሯ ግንቦች በ12ቱ ሐዋርያት ይመሰላሉ። በጣሪያዋ የተደረደሩት የኪሩቤል ፊቶች ተሳላሚው በቆመበት ሁሉ የሚመለከቱት ይመስላሉ። ስለ እርሷ ብዙ ስለ ተጻፈ እኔ አልጨምርበትም።

ከከተማው ወደ ሰሜን ምዕራብ በደብረ ፀሐይ ቁስቋም ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም ካረፉ በኋላ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ዘውድ ጭነው፣ አገሩን በማስተዳደር ብዙ ዘመን የኖሩ ሴት ናቸው። ከግቢው ጫጫታ ርቀው በዚህ ተራራ ሥር ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠሩ፤ በግንቡ ላይ ከቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎችና ምስሎች ዛሬም ይታያሉ። ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም ጎንደር ሲገባ እዚህ ተቀብለውት፣ በቤተ ሰቡ ላይ የገባውን ፈንጣጣ እንዲያክም አድርገውታል። በሰላም ጊዜ ጎንደር 10,000 ያህል ቤተ ሰብ እንደሚኖርባት የጻፈልንም እርሱ ነው። ሆኖም ብሩስ የደረሰበት ዘመን ራስ ሚካኤል ስሑል ነገሥታቱን እያነሣ የሚጥልበት የመከራ ዘመን ስለ ነበረ፣ ያየው ጎንደር የምንትዋብ ጎንደር ጥላዋ ነበር። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ ዐፅም በቁስቋም ተጠብቆ ይገኛል።

በጥምቀት ዕለት ሕዝብ የሚጎርፍበትን የቀሐን የፋሲል መዋኛ ሁሉም ስለሚያውቀው አልፈዋለሁ፤ በዓሉ በ2012 ዓ.ም በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል፣ ግንቦቹም ከዚያ በፊት በ1972 ዓ.ም ተመዝግበዋል። ኢጣልያኖች ከተማይቱን በ1928 ዓ.ም ከያዙ በኋላ፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም ተሸንፈው እስኪለቁ ድረስ የሠሩት ፒያሳ፣ ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ፣ በጠላት እጅ ቢሠራም የከተማይቱ አካል ሆኗልና ጥበቃ ይገባዋል እላለሁ፤ ከዚህ ሐሳቤ የሚለዩ ጎንደሬዎች መኖራቸውን አውቃለሁ፣ አልፈርድባቸውም።

ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ጎንደርን ለመጎብኘት የምታስቡ መምህራን ብትኖሩ፣ ጉዞውን ከግንቡ አትጀምሩ። ማለዳ ፀሐይዋ ከፍ ሳትል በቁስቋም ጀምሩ፤ ከዚያ ወደ ቀሐ ወርዳችሁ በአዲስ ዓለም በኩል ወደ ከተማው ውጡ፤ እጨጌ ቤትንና በአታን ተሳለሙ፤ ልጆቹ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ራሳቸው እንዲጠይቁ ጊዜ ስጧቸው። ግቢውን ለከሰዓት በኋላ አቆዩትና ከመግባታችሁ በፊት ቅጽሩን በውጭ በኩል አንድ ጊዜ ሙሉ ዙሩት፤ ዙሪያው ከአንድ ኪሎ ሜትር አይበልጥምና ትንንሾቹም አይደክማቸውም። በየበሩ ስትደርሱ ይህ በር ወደ ማን ሰፈር ይወስድ ነበር ብላችሁ ጠይቋቸው።